ያልተለካ

ጋውኑ የሌላ ሰው ነው፤ እጅጌው ሁለት ዙር ታጥፏል፣
ኪሱ ላይ «ታሪኩ» የሚል ስም በሰማያዊ ክር ተጠልፏል።
ታሪኩ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ፣
በስሙ ውስጥ ተቀምጬ ክረምቱን ሙሉ ሠራሁ።

ዶክተር ዓለሚቱ መጀመሪያ የሰጠችኝ መሣሪያ አልነበረም፤
ደብተር ነበር። «በእርሳስ መጻፍ እዚህ የለም።
ከተሳሳትሽ አትፋቂ፤ አንድ መስመር አስምሪበት፣
ስሕተቱ ከሥሩ ይነበብ፤ ቀንና ፊርማ አኑሪበት።
ገጽ አይቀደድም፤ ሲቀደድ ቁጥሩ ይጎድላል።»
እኔ ባደግሁበት ክፍል ስሕተት በቀይ ይገደላል፤
ላጲስ በምራቅ አርሰን፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ፍቀን፣
ንጹሕ ደብተር የምናሳይ፣ አለማወቃችንን ደብቀን።

ሥራዬ ቀላል ነበር። ማለዳ፣ ጎሕ ሲቀድ፣
በጋሽ ዱካሞ ጀልባ ከቄጠማው ወዲያ መሄድ፤
ገሚሱ ነጭ ገሚሱ ጥቁር፣ ሳህን የመሰለ ብረት
በተሰፈረ ገመድ ወደ ሐይቁ መስደድ፣ በትዕግሥት፤
ከዓይን ሲሰወር የጠፋበትን ልክ መያዝ፣
ሲመለስ የታየበትን። ከዚያ ወደ ቤተ ሙከራ መጓዝ።
«ሰማንያ ሁለት።» «ሰባ ዘጠኝ።» «ሰማንያ ስድስት ሴንቲ።»
ጋሽ ዱካሞ ይስቅብኛል፦ «ሐይቅ ትሰፍሪያለሽ አንቺ!
አርባ ዓመት ቀዝፌ ልኩን አላውቅ፤ የሚያውቅ ቆሮሶው፤
ስትደርሺበት ንገሪኝ» ይላል፣ ውኃውን ሲቀዝፈው።

የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ከነላስቲኩ ሳጥን ውስጥ ነው፤
ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰው ስብሰባ ነው።
እዚህ ግን፣ ከሰዓት፣ አንዲት ጠብታ በመስታወት፣
ከሥሯ የሚርመሰመስ፣ አረንጓዴ የሚዋኝ ሕይወት፤
እቆጥራለሁ፤ ይጠፋኛል፤ እንደገና «አንድ» እላለሁ፣
አንገቴ እስኪደነዝዝ። በሕልሜም ስቆጥር አድራለሁ።

ሐምሌ አስራ ዘጠኝ መጣ። ሐዋሳ በገብርኤል ሰው ተጥለቀለቀ፣
የይርጋለም ዘመዳችን ከሳሎን ተርፎ እስከ በረንዳ ዘለቀ።
ሌሊቱን ዘንቧል። ጎሕ ሲቀድ እኔ ሳህን አጥባለሁ፤
መንገዱ ዝግ ነው፣ ባጃጅ የለም፤ «ነገ» እላለሁ።

በማግስቱ ማታ አንዲት ባዶ ረድፍ አፈጠጠችብኝ፣
ከቁጥሮቹ መሐል እንደ ወለቀ ጥርስ አገጠጠችብኝ።
ከላይ ሰማንያ አራት፣ ከታች ስድሳ፤ መካከሉን አሰላሁ፤
ሰባ ሁለት። ጻፍሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። እራቴን በላሁ።

ዓርብ ዶክተር ዓለሚቱ ገጹን ገልጣ ዝም አለች፤
መነጽሯን አወለቀች፣ አበሰች፣ መልሳ አጠለቀች።
«ይሄ ቁጥር ቆንጆ ነው» አለች። «ልክ መካከል ላይ ቆመ።
ሐይቅ ግን እንዲህ አይታዘዝም፤ ለማን ታዝዞ ከረመ?
ጋሽ ዱካሞም ያን ቀን ጀልባዬ አልወጣም ብሏል።»
ጆሮዬ ጋለ። ጣሪያው ላይ አንድ አባ ኮዳ እንደ ዳኛ ተሰይሟል።

ቁጣ ጠበቅሁ፤ ጋውን አውልቂ ተብዬ መባረር፣
«ወላጅ አምጪ!»፣ ወይም በሰልፍ ፊት መገተር።
እሷ ብዕር አቀበለችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።
ብዙ ቆየሁ።
                አልዞረችም። ጠበቀች።
አንድ መስመር፤ ሰባ ሁለት ከሥሩ ይነበባል፣ አልጠፋም፤
አጠገቡ ቀኑ፣ ፊርማዬ፤ ከዚያም «አልተለካም»።

ጳጉሜን ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ግራፌን ግድግዳ ላይ ሰቀልሁ።
ሰው ሲያልፍ ልቤ ይመታል፤ የምለውን ሁሉ ረሳሁ።
እናቴ ከአሞራ ገደል መጣች፣ ዓሣ ስትሰነጥቅ ውላ፣
ቅርፊት ክንዷ ላይ ደርቆ፣ ነጠላዋን በላዩ ጥላ።
ጣቷን በመስመሩ ላይ ነዳች፣ ዳገት ቁልቁለቱን ተከትላ፤
ከተሰበረበት ስትደርስ ቆመች፣ ድልድይ እንደጠፋባት ሁላ።
«እዚህ ጋ ምነው ተቋረጠ?»
                «ያን ቀን ሐይቁ ጋ አልነበርኩም፤
ሳህን ሳጥብ ነበር። በገብርኤል። ስለዚህ አልለካሁም።»

ከዚያ ሁሉ ቁጥር ይቺን ብቻ ያመነች መሰለኝ፤
«እውነትሽን ነው» አለችና የእጅጌዬን እጥፋት አቃናችልኝ።